ካያክን ሳይበሱ መልህቅ ማሰር፦ ዘዴዎቹ ሲወዳደሩ

ፖቶማክ ወንዝ ከዋሽንግተን ከተማ ጀምሮ ወደ ታች የባሕር ሙላትና ጉድለት የሚነካው ወንዝ ነው፤ ውኃው በየስድስት ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን ይለውጣል። ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) በገዛሁበት የመጀመሪያ ዓመት በቨርጂኒያ በኩል ሊሲልቫኒያ ፓርክ አካባቢ ካትፊሽ (አምባዛ) ለማጥመድ ወጥቼ፣ የመልህቁን ገመድ ከመቀመጫዬ ጎን ባለው የዕቃ ማያያዣ ሐዲድ ላይ አጥብቄ ቋጥሬው ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አልሆነም። ውኃው ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ፍሰቱ ሲበረታ ግን ካያኩ ጎኑን ለወራጁ ሰጠ፤ ገመዱ ተወጠረ፣ የታሰረበት ጠርዝ ወደ ታች ተሳበ፣ ውኃም በጭኔ ላይ መፍሰስ ጀመረ። ቋጠሮውን ለመፍታት ታገልሁ፤ የተወጠረ ቋጠሮ ግን በእርጥብ ጣት አይፈታም። በላይፍ ጃኬቴ ላይ በተንጠለጠለችው ቢላ ገመዱን ቆርጬ ወጣሁ። መልህቁም፣ ሰንሰለቱም፣ 15 ሜትር የሚሆነው ገመድም እዚያው ቀሩ።

ይህን የምተርከው ከዚህ በታች ያሉትን ዘዴዎች የምመዝንበትን ሚዛን ስለሰጠኝ ነው። ብዙ ሰው መልህቅ ሲያስብ ስለ ክብደቱና ስለ ዋጋው ይጠይቃል። እኔ ግን አስቀድሜ የማያቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ገመዱ ከካያኩ የሚነሣው ከየት ነው፣ በጭንቅ ሰዓትስ በአንድ እጅና በአንድ እንቅስቃሴ መልቀቅ ይቻላል ወይ? ገመዱ ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ ሲነሣ ካያኩ እንደ ነፋስ አመልካች ራሱን ከፍሰቱ ጋር ያስተካክላል፤ ከጎን ሲነሣ ግን ርዝመቱን ሙሉ ለውኃው ያጋልጣል። የውኃ ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት በእርጋታ የያዘ አስተሳሰር ከሰዓት በኋላ ሊገለብጥ ይችላል።

ለምን አይበሳም?

አንድ ነገር በቅንነት መነገር አለበት፦ በትክክል ተበስቶ በጥሩ ማሸጊያ የተደፈነ ቀዳዳ ካያክን አያሰምጥም። በርካታ አጥማጆች ትራፓኖ ይዘው ያለ ሥጋት ይበሳሉ። ሆኖም መብሳት የማያዋጣባቸው ሁኔታዎች ጥቂት አይደሉም። ካያኩ የኪራይ ወይም የጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ በአየር የሚነፋ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከነጭራሹ አይታሰብም። የፋብሪካው ዋስትና በቀዳዳ ምክንያት ሊሰረዝ ይችላል። በተጨማሪም ቡሎኑን ከውስጥ በዳዶ ለማጥበቅ እጅ የማይደርስበት ቦታ ብዙ ነው፤ ያለ ዳዶ ከላይ ብቻ በብሎን የተያዘ ዕቃ ደግሞ በተከታታይ ሲጎተት ከቀጭኑ ፕላስቲክ ይነቀላል። በአፓርታማ የሚኖር ሰው ትራፓኖ የሚያስነሣበት ቦታ እንኳ የለውም። መቼም በጣና ላይ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ያየ ሰው፣ ሁሉ ነገር በማሰር ብቻ ተይዞ ውኃ ላይ መዋል እንደሚችል አይጠራጠርም።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት ካያኩን ሣር ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን መመልከት ይገባል። ከፋብሪካው የመጡ የመያዣ ነጥቦች ከሚታሰበው በላይ ብዙ ናቸው። በሁለቱም ጫፎች መሸከሚያ እጀታ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በመካከልም በግራና በቀኝ የጎን እጀታ አለ። መቀመጫው፣ የእግር መርገጫውና የዕቃ ማሰሪያው ላስቲክ የተያዙባቸው ትናንሽ ቀለበቶች አሉ። በብዙ የማጥመጃ ካያኮች ጎን ላይ ደግሞ የማጥመጃ ዘንግ መያዣና ሌላ ዕቃ የሚሰካበት ሐዲድ ከፋብሪካው ተገጥሞ ይመጣል። ከመቀመጫው ሥር ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎችም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ፤ ወደ እነሱ ኋላ እመለሳለሁ።

እነዚህ ነጥቦች እኩል ጥንካሬ የላቸውም። የመሸከሚያ እጀታ ከነዕቃው 40 ኪሎ የሚመዝን ካያክ እንዲያነሣ ታስቦ የተገጠመ በመሆኑ፣ ቡሎኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበረ የነሐስ ጥርስ ላይ ነው። የላስቲክ ቀለበት ግን ጃኬትና የምሳ ሳጥን ለመያዝ የተሠራ ነው። መልህቅ የሚታመነው በመጀመሪያው ላይ ነው።

በቀጥታ ከጫፍ እጀታ ጋር ማሰር

ከሁሉ ቀላሉና ርካሹ ይህ ነው። የገመዱን ጫፍ ከኋላ ወይም ከፊት እጀታው ጋር ያስሩና መልህቁን ይጥሉታል። ከላይ ካስቀመጥኋቸው ሁለት ጥያቄዎች የመጀመሪያውን በሚገባ ይመልሳል፤ ገመዱ የሚነሣው ከጫፍ ነውና። በሁለተኛው ግን ይወድቃል። በመቀመጫ ላይ ያለ ሰው የካያኩ ጫፍ ላይ እጁ አይደርስም፤ ዞሮ ወደ ኋላ ለመንጠራራት መሞከርም ለመገልበጥ ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ ነው። ነፋስ በሌለበት ትንሽ ሐይቅ፣ ለምሳሌ በፌርፋክስ በሚገኘው በርክ ሐይቅ፣ ለአንድ ቀን ቢሞከር አልቃወምም። በወንዝ ላይ ግን አልመክርም።

ግማሽ ትሮሊ፦ እኔ የመረጥሁት

ትሮሊ የሚባለው በካያኩ ጎን በሁለት ፑሊዎች (ገመድ በሚዞርባቸው ትናንሽ መንኮራኩሮች) መካከል የሚዞር የገመድ ዙር ነው። በዙሩ ላይ ቀለበት ይታሰራል፤ የመልህቁ ገመድ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል። አጥማጁ ከመቀመጫው ሳይነሣ ዙሩን ሲጎትት ቀለበቱ ወደ ጫፍ ይሄዳል፣ ሲመልሰውም ወደ እጁ ይመጣል። መስኮት ላይ የሚሠራው ባለ ገመድ መጋረጃ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

ገበያ ላይ ተዘጋጅተው የሚሸጡት አብዛኞቹ ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ የሚዘረጉና በብሎን ወይም በሪቬት እንዲገጠሙ የታሰቡ ናቸው። ሳይበሱ እነሱን ከሁለቱ የጫፍ እጀታዎች ጋር ለማንጠልጠል የሚሞክር ሰው አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ እኔም ገጥሞኛል። እጀታዎቹ ያሉት በካያኩ ቁመት መካከለኛ መስመር ላይ ሲሆን ካያኩ ግን ወገቡ ላይ ሰፊ ነው። ዙሩ የጎኑን ጉብታ ተከትሎ መታጠፍ ስላለበት፣ በተሳበ ቁጥር ከጠርዙ ላይ እየተንሸራተተ ጭን ላይ ይወጣል። በጎን እጀታው ሥር ቢያሳልፉት ደግሞ ቀለበቱ እዚያ ሲደርስ ይቀረቀራል።

መፍትሔው ዙሩን ግማሽ ማድረግ ነው። አንዱን ፑሊ ከኋላ ጫፍ እጀታ ጋር፣ ሌላውን ከመቀመጫው አጠገብ ካለው የጎን እጀታ ጋር ያያይዙታል። ዙሩ ከወገብ እስከ ኋላ ጫፍ ብቻ ስለሚዘረጋ ጉብታውን መሻገር አይጠበቅበትም። ለ3.6 ሜትር ካያክ በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለዙሩና ለቋጠሮው 4.5 ሜትር ገመድ ይበቃል። እኔ የተጠቀምሁት 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን፣ 250 ኪሎ ያህል እንዲሸከም የሚሠራውን ፓራኮርድ ነው። ፓራኮርድ ናይሎን በመሆኑ ውኃ ሲጠጣ ይረዝማል፤ ጠዋት የተወጠረው ዙር እኩለ ቀን ላይ ይረግባል። ስለዚህ የኋላውን ፑሊ ከእጀታው ጋር ያያያዝሁት 30 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ወፍራም ላስቲክ ገመድ ነው፤ ላስቲኩ የረገበውን እየሰበሰበ ዙሩን ሁልጊዜ ወጥሮ ይይዘዋል። ላስቲኩ ቢበጠስ ፑሊው እንዳይሄድ፣ ከጎኑ ትንሽ ረዘም ያለ የማይለጠጥ ገመድ እንደ መጠባበቂያ ታስሯል።

ፑሊውን ከእጀታው ጋር ሲያያይዙ እጅ ከሚይዘው የላስቲክ ክፍል ይልቅ ቡሎኑ የገባበትን የጨርቅ ማሰሪያ ሥር መያዝ ይመረጣል። ከዚህ የተሻለ ጥንካሬ የሚፈልግ ሰው የእጀታውን ቡሎን ፈትቶ፣ ትንሽ የብረት ቀለበት ከሮንደላ ጋር ከሥሩ አስገብቶ፣ በዚያው ቀዳዳ መልሶ ማጥበቅ ይችላል። አዲስ ቀዳዳ አልተበሳም፤ የፋብሪካው ቀዳዳ ግን ሁለት ሥራ ይሠራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። በአሜሪካ ገበያ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎንና የሩብ ኢንች ቡሎን ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ጥርሳቸው ግን የተለያየ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ በኃይል ያስገባ ሰው የነሐሱን ጥርስ ይበላዋል፤ ያኔ መብሳት ያልፈለገው ሰው ሳይወድ ወደ መብሳት ይገባል። የወጣውን ቡሎን ይዞ ሱቅ መሄድና በእጅ ብቻ እየዞረ የሚገባውን መምረጥ ነው። ርዝመቱም በተጨመረው ብረት ውፍረት ልክ፣ ማለትም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ መጨመር አለበት፤ ከዚያ ያለፈ ቡሎን ታችኛውን ግድግዳ ገፍቶ የተቀበረውን ነሐስ ያላቅቀዋል።

የመልቀቂያው ሥርዓት ከትሮሊው የማያንስ ጉዳይ ነው። የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። የመልህቁ ረጅም ገመድ የሚያልቀው በቡጢ ልክ በሆነች ተንሳፋፊ ኳስ ላይ ነው። ከኳሷ ጋር በካራቢነር (በሞላ በሚከፈትና በሚዘጋ መንጠቆ) የተያያዘ 4 ሜትር ገደማ የሆነ ሁለተኛ ገመድ አለ፤ በቀለበቱ ውስጥ የሚያልፈው ይህ ነው። ጫፉ ምንም ቋጠሮ የለበትም፤ በጎን እጀታው ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ፣ እንደ ጫማ ክር ጭራው ሲጎተት በሚፈታ ቋጠሮ ይያዛል። ትልቅ ዓሣ ሲይዝ፣ ወይም ፈጣን ጀልባ ሲመጣ፣ ወይም ውኃው ሲከፋ ጭራውን አንድ ጊዜ መሳብ ይበቃል። ገመዱ በቀለበቱ ውስጥ ሾልኮ ይሄዳል፣ መልህቁ ከታች ይቆያል፣ ኳሷም ተንሳፍፋ ቦታውን ታመለክታለች። ዓሣውን ካወጣሁ በኋላ ተመልሼ ኳሷን አነሣለሁ። በቀለበቱ የሚያልፈው ገመድ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ካለ ወይም ኳሷ ከቀለበቱ በዚህኛው በኩል ከሆነች ግን ይቀረቀራልና ሥርዓቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀለበቱ ከኋላ ሲሆን አጥማጁ ፊቱን ወደ ታችኛው ወራጅ ያዞራል፤ ማጥመጃው ከፍሰቱ ጋር እየሄደለት በምቾት ይሠራል። ጉዳቱ የብዙ ካያኮች የኋላ ክፍል ደልዳላና ዝቅ ያለ መሆኑ ነው፤ ሞገድ ሲመጣ ውኃ ወደ ዕቃ መጫኛው ይገባል። ኃይለኛ ፍሰት ባለበት ቦታ ውኃን ለመቁረጥ የተሠራው የፊት ጫፍ ይሻላል። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው በሌላኛው ጎን ወደ ፊት የሚሄድ ሁለተኛ ግማሽ ትሮሊ ይሠራል። እኔ አንዱ በቅቶኛል።

ሐዲድ ላይ የሚሰካ መያዣ

ምንም መሣሪያ ሳያስፈልግ በሐዲዱ ላይ የሚንሸራተት መያዣ፣ ጥርስ ያለው የገመድ መንከሻ ወይም ትንሽ መጠምጠሚያ መግጠም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሲፈልጉም በእጅ ፈትተው ያነሡታል። ንጹሕና ለዓይን የሚያምር በመሆኑ ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ የሚገዛው ይህንን ነው። በመግቢያዬ ያወራሁት ስሕተትም የተፈጸመው በዚሁ ላይ ነው።

የሐዲዱ ችግር ያለበት ቦታ ነው። ሐዲዶች የሚገኙት እጅ በሚደርስበት በጎን ላይ ስለሆነ፣ ገመዱ በቀጥታ ከዚያ ከተነሣ ካያኩ ጎኑን ለውኃ ይሰጣል። ከዚህም በላይ ሐዲዱ ራሱ በትናንሽ ብሎኖች የተያዘ ነው፤ የዘንግ መያዣ ክብደት ለመሸከም እንጂ በሞገድ ለሚነሣና ለሚወድቅ ድንገተኛ ጉተታ አልታሰበም። ከትሮሊ ጋር ሲጣመር ግን ጥሩ አገልጋይ ይሆናል፤ በቀለበቱ አልፎ የመጣው ገመድ በእጀታው ላይ ከመጠምጠም ይልቅ በሐዲዱ ላይ ባለ መንከሻ ቢያዝ መልቀቁ ይፈጥናል። ይህንን የምመክረው ግን ለሐይቅና ለዝግተኛ ውኃ ነው። ኃይለኛ ጉተታ ባለበት ጭነቱ በእጀታው ቡሎን ላይ ቢያርፍ ይሻላል።

ሙጫና የሚለጠፍ ቀለበት

“ሳይበሱ” የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያስበው ማጣበቅን ነው። ውጤቱ ካያኩ በተሠራበት ነገር ላይ ይወሰናል፤ ልዩነቱም የሰማይና የምድር ነው። አብዛኞቹ የማጥመጃ ካያኮች የሚሠሩበት ፖሊኢትሊን ሙጫ ከማይቀበሉ ፕላስቲኮች አንዱ ነው። በጥፍር ሲጫሩት ሰም የነካ ይመስላል፤ ውኃ ሲነካውም ከመስፋፋት ይልቅ ጠብ ጠብ ብሎ ይንከባለላል። ሙጫም በዚያው ምክንያት ሥር አይሰድም። ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ፕላስተር፣ ሲሊከንና ተራ ኢፖክሲ ደረቅ ሲሆኑ የያዙ መስለው ይታያሉ፤ ፀሐይና ውኃ ሲፈራረቁባቸው እንደ ቅርፊት ይነሣሉ።

ፖሊኢትሊንን ለማጣበቅ የሚታወቅ መንገድ አለ፤ ገጽታውን በአሸዋ ወረቀት ሻካራ አድርጎ፣ በአልኮል ጠርጎ፣ የጋዝ ነበልባል በፍጥነት እያሳለፉ ሳያቀልጡ ማስነካት፣ ወዲያውም የሚተጣጠፍ ዓይነት ኢፖክሲ መቀባት ነው። ነበልባሉ የላይኛውን ስስ ገጽታ በኦክሲጅን ስለሚለውጠው ሙጫው የሚይዘው ነገር ያገኛል። በሥርዓቱ ከተሠራ ይይዛል። ነገር ግን ዋስትናውን ላለማጣት ሲል ትራፓኖ የሸሸ ሰው በካያኩ ላይ እሳት ሲያነድድ ምን አተረፈ? በዚህ መንገድ የተለጠፈ ቀለበት ለትሮሊው ገመድ መሪ ይሁን ቢባል እስማማለሁ፤ መልህቅ እንዲሸከም ግን አላደርገውም።

በፒቪሲ ለተሠሩ በአየር ለሚነፉ ካያኮች ነገሩ ይገለበጣል። ለፒቪሲ በተሠራ ማጣበቂያ የተለጠፈ ባለ ቀለበት ጨርቅ ከካያኩ ሰውነት ጋር አንድ ይሆናል፤ ከፋብሪካው የመጡት ቀለበቶችም በአብዛኛው የተያዙት በዚሁ መንገድ ነው። ሁለቱንም ገጽታ ጠርጎ፣ ማጣበቂያውን በስሱ ደጋግሞ ቀብቶ፣ ጨፍልቆ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይነኩ መተው ይገባል። ከፋይበርግላስና ኤቢኤስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ካያኮችም ሙጫን በደህና ይቀበላሉ።

በቫኩም የሚጣበቁ የላስቲክ መምጠጫዎችን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋቸዋለሁ፦ የካያክ ገጽታ ሻካራ ስለሆነ አየር ያስገባሉ፣ መልህቅ ላይ አይታመኑም። በካያኩ ወገብ ዙሪያ የሚጠበቅ የጭነት ቀበቶም እንዲሁ፤ ቀለበት ለማንጠልጠል ያገለግላል፣ ግን ከሥር ውኃውን እየቀዘፈ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጥልቀት በሌለው ቦታም ከድንጋይ ጋር ይተሻሻል።

ካስማ

ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በማይበልጥ፣ ሥሩ ጭቃ ወይም አሸዋ በሆነ ቦታ፣ ካስማ ከማንኛውም መልህቅ ይሻላል። ከፋይበርግላስ የተሠራ 2 ሜትር ወይም 2.4 ሜትር ዘንግ ነው፤ ጭቃው ውስጥ ወደ ግማሽ ሜትር ያህል ይተክሉታል። ድምፅ አያሰማም፣ ጭቃ ይዞ ወደ ካያኩ አይገባም፣ ለመንቀል ሁለት ሴኮንድ ይበቃል። በሜሪላንድ በኩል ባለው ማታዎማን ወንዝ የሣር ዳርቻ ላይ ባስ የተባለውን ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ሌላ ነገር አያስፈልገውም ብል ማጋነን አይሆንም።

ካስማውን በውኃ ማፍሰሻው ቀዳዳ አሳልፎ መሬት ላይ መትከል የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰውም እንደ ብልሃት ያየዋል። እኔ አልወደውም። የዚያ ቀዳዳ ግድግዳ ከካያኩ ስስ ክፍሎች አንዱ ነው። ካያኩ በሞገድ ሲወዛወዝ ዘንጉ ግድግዳውን እንደ ዱላ ይፈነቅለዋል፤ እዚያ የሚፈጠር ስንጥቅ ደግሞ ለመጠገን አስቸጋሪ ነው። ጀልባ በማያልፍበት ጸጥ ያለ ኩሬ ላይ ካልሆነ በቀር፣ ካስማውን ከካያኩ ውጭ ተክሎ በአንድ ሜትር ገመድ ከትሮሊው ቀለበት ጋር ማያያዝ ያው አገልግሎት ያለ ጉዳት ይሰጣል። ትሮሊ የሌለው ሰው ገመዱን በጎን እጀታው ላይ ቢያስርም በጸጥተኛ ውኃ ላይ ብዙ አይጎዳም፤ ነፋስ ሲነሣ ነቅሎ መሄድ ነው።

ዳርቻው በዛፍ የተሞላ ከሆነ ቅርንጫፍ የሚነክስ ባለ ጥርስ መቆንጠጫም አለ። በግድብ ውኃ ላይ፣ ለምሳሌ በኦኮኳን፣ ከወደቁ ዛፎች አጠገብ ለሚያጠምድ ሰው ቀላልና ፈጣን ነው።

በገመዱ ሌላ ጫፍ ስላለው ነገር

አያያዙ ከተወሰነ በኋላ መልህቁን መምረጥ ይቀልላል። ተጣጣፊው ባለ አራት ጣት መልህቅ በየሱቁ የሚገኘው እሱ ነው፤ 0.7 ኪሎው ለሐይቅ፣ 1.5 ኪሎው ለዝግተኛ ወንዝ ይሆናል። በድንጋይና በእንጨት መካከል ጥሩ ይይዛል፤ በለስላሳ ጭቃ ላይ ግን እንደ ሹካ ያርሰዋል እንጂ አይቆምም። ብሩስ የሚባለው ባለ ጥፍር መልህቅ 1 ኪሎው ብቻውን ከእሱ ከሚከብድ ባለ አራት ጣት ይልቅ በአሸዋና በጭቃ ላይ ጠልቆ ይይዛል፤ የማይታጠፍ መሆኑ ለማስቀመጥ ያስቸግራል። በአየር በሚነፋ ካያክ ላይ ሁለቱም በወፍራም ከረጢት መቀመጥ አለባቸው፤ ጣቶቹ ሹል ናቸው።

መልህቅ የሚይዘው ከክብደቱ ይልቅ በሚጎተትበት ማዕዘን ነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሳበው ይነቀላል፤ ጋደም ብሎ ከሳበው ይበልጥ ይቀበራል። በእርጋታ ቀን የጥልቀቱን ሦስት እጥፍ ገመድ፣ ነፋስ ባለበት አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ መልቀቅ ይገባል። ጥልቀቱ 3 ሜትር ከሆነ በእርጋታ ቀን 9 ሜትር ያህል ገመድ ማለት ነው። ከመልህቁ ጋር ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር የሚሆን ሰንሰለት ማከል ማዕዘኑን ዝቅ ያደርገዋል። ለዋናው ገመድ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሻላል፤ 4 ሚሊ ሜትሩ ይሸከማል፣ ነገር ግን እርጥብ እጅን ይቆርጣል።

መልህቅ በድንጋይ ሥር ሲወሸቅ ለማዳን አንድ የታወቀ ብልሃት አለ። ሰንሰለቱን ከላይኛው ቀለበት ጋር ከማያያዝ ይልቅ ጣቶቹ ከሚገናኙበት ከታችኛው ጫፍ ጋር ያያይዙታል፤ ከዚያም በግንዱ በኩል ወደ ላይ አምጥተው ከላይኛው ቀለበት ጋር በአንዲት ስስ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ በሚያስሩባት ዓይነት፣ ይይዙታል። በአዘቦቱ እንደ ማንኛውም መልህቅ ይሠራል። ሲወሸቅ ግን ከላዩ ሆነው በኃይል ሲጎትቱት ማሰሪያዋ ትበጠሳለች፣ ጉተታው ወደ ታችኛው ጫፍ ይዞራል፣ መልህቁም በጀርባው ይወጣል። አሥር ማሰሪያ በኪስ መያዝ ነው።

ለየትኛው ውኃ የትኛው

በትንሽ ሐይቅና በግድብ ላይ የሚያጠምድ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚወጣ ሰው፣ ካስማና 0.7 ኪሎ መልህቅ ይበቁታል፤ ለትሮሊ ገንዘብ ባያወጣ አይገርመኝም። የኪራይ ካያክ የሚጠቀም ሰው ግማሽ ትሮሊውን በቡሎን ፈንታ በካራቢነር ብቻ እንዲያያዝ አድርጎ ቢሠራው፣ በሁለት ደቂቃ ገጥሞ በሁለት ደቂቃ ይፈታዋል፤ ዕቃው ሁሉ በአንዲት ከረጢት ይገባል።

ሙላትና ጉድለት ባለበት በታችኛው ፖቶማክና በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ ግን፣ በቡሎን የተያዘ ግማሽ ትሮሊ፣ ባለ ጥፍር መልህቅ ከሰንሰለት ጋር፣ ተንሳፋፊ ኳስና የሚላቀቅ ቋጠሮ ሳይሟሉ መልህቅ አልጥልም። ፍሰቱ የሚዞርበትን ሰዓት አስቀድሞ ማወቅም የዚሁ አካል ነው፤ ውኃው ሲዞር ካያኩም ይዞራል፣ ገመዱ ከሥር ሊጠመጠም ይችላል። በዋሽንግተን የላይኛው ጠርዝ፣ ቼን ድልድይ አካባቢ ወንዙ ጠብቦ በዐለት መካከል ሲወርድ፣ ማንኛውም አስተሳሰር አያዋጣም፤ እዚያ ከካያክ ላይ መልህቅ መጣል ራሱ ስሕተት ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ ፍሌቸርስ ኮቭ በሚባለው ቦታ ግን በፀደይ ሻድ የተባለው ዓሣ ሲወጣ ወንዙ በሰው ይሞላል። በዚያ ወቅት ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ዝናብ ከጣለም ፍሰቱ ያይላል፤ መልህቅ የሚጣለውም ከዋናው ወራጅ ወጣ ባለው የዳር ውኃ ላይ ነው።

የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ፣ መጀመሪያ ወገብ በሚደርስ ውኃ ላይ፣ ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ ጓደኛ አጠገብ ቆሞ መሞከር አለበት። መልህቁን ጥለው፣ ጓደኛዎ ካያኩን በጫፉ ይዞ በሙሉ ኃይሉ እንዲጎትት ያድርጉ፤ እርስዎም ገመዱ በተወጠረበት ጊዜ፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ በአንድ እጅ ይልቀቁት። እኔ ስሞክረው በሦስተኛው ጊዜ ነው የተሳካልኝ፤ ቋጠሮው በጣም ቀርቦ ከእጀታው ሥር ገብቶ ስለነበር ጭራውን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር አረዘምሁና ጫፉን በቀይ ፕላስተር ጠመጠምሁበት።